ለዋናተኛ ልጆቼ፦ ስለምትለብሱት ነገር

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ እዚህ አሜሪካ በዋና አሰልጣኝነት ካረጀሁ በኋላ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ የወንዶች የዋና ልብስ ነው። ግን በዚህች ቁራጭ ጨርቅ የተነሳ ዋና የተዉ ልጆች አውቃለሁ። አንዱ ጥብቅ ልብስ ለብሶ ሰው ፊት መቆም አፍሮ ቀረ። ሌላው የጓደኞቹን ውድ ልብስ አይቶ "እኔ በዚህ ማንን እቀድማለሁ?" ብሎ ቀረ። የእኛ ልጆችም አሉበት። እናት "ይሄማ ፓንት ነው፤ በዚህ ሰው ፊት ልትቆም ነው?" ስትል፣ ልጁ ድሮም የነበረበት እፍረት ይብስበታል። እናትየዋን አልወቅሳትም። እኔም ያደግኩት በዚያው ሥርዓት ነው። ግን የዚህን ልብስ ታሪክ ብታውቁ እፍረቱም፣ የውድ ልብስ ጉጉቱም ይቀልላችኋል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1896 አቴንስ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ሲደረግ የዋና ውድድሩ በገንዳ አልነበረም። ፒሬየስ አጠገብ፣ ባሕር ውስጥ ነበር። የ100 እና የ1,200 ሜትሩ አሸናፊ ሃንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ ለ1,200 ሜትሩ ብርዱን ለመቋቋም ሰውነቱን ቅባት ተቀብቶ ነው የገባው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ወንዶች የሚወዳደሩት ደረትንም ጭንንም በሚሸፍን ልብስ ነበር። ብዙ ጊዜም ከሱፍ የተሠራ ነው። ሱፍ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይንዘላዘላል። ያን ለብሶ 1,500 ሜትር መዋኘትን አስቡት። እንዲያ የሚለብሱት ለፍጥነት ብለው አይደለም። የወንድ ደረት በአደባባይ መታየቱ ነውር ስለነበር ነው። አዎ፣ የወንድ ደረት! በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ላይ ወንዶች ደረታቸውን ገልጠው በቁምጣ ብቻ ሲዋኙ ብዙ ሰው አጉረምርሟል። ዛሬ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አሁን "ስፒዶ" የምትሉትን ትንሹን ልብስ አውስትራሊያዊው ፒተር ትራቪስ የነደፈው በ1960 አካባቢ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ጨርቁ እግርን እንዳይዝና ዋናተኛው እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ነው። እሱንም በመጀመሪያ ነውር ነው ብለውት ነበር። ሲድኒ ውስጥ ቦንዳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ይህን ለብሰው የተገኙ ወንዶች በተቆጣጣሪ ተይዘዋል። ከዚያ 12 ዓመት እንኳ ሳይሞላ አሜሪካዊው ማርክ ስፒትዝ በ1972 ሙኒክ ላይ በዚያው ዓይነት ልብስ 7 ወርቅ ወሰደ። ሰባቱም በዓለም ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ በኋላ ነውር ነው የሚል ድምፅ ጠፋ። እኔ አሰልጣኝነት ስጀምር ልጆቹ ሁሉ የሚፈልጉት እሱን ነበር።

ደግሞ ዘመኑ ዞረ። በ2000 ሲድኒ ላይ የ17 ዓመቱ አውስትራሊያዊ ኢያን ቶርፕ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት በሚሸፍን ጥቁር ልብስ ብቅ አለ። 3 ወርቅና 2 ብር ይዞ ወጣ። የወንዱ ገላ እንደገና ተሸፈነ ማለት ነው። ይህኛው ሽፋን ግን ከነውር ጋር አይገናኝም። ጨርቁ ከቆዳ ይልቅ በውሃ ውስጥ ይንሸራተታል ተብሎ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንደ አሰልጣኝ ከሁሉ በላይ ያመመኝ የሚቀጥለው ጊዜ ነውና። በ2008 መጀመሪያ ስፒዶ የተባለው ኩባንያ ኤልዜድአር ሬሰር የሚባለውን ልብስ አወጣ። ፖሊዩረቴን የሚባል ላስቲክ መሰል ነገር የተለጠፈበት ነው። ሰውነትን እንደ ማሰሪያ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ለመልበስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በቤጂንግ ኦሎምፒክ ከተሻሻሉት የዓለም ክብረ ወሰኖች አብዛኞቹ በእሱ የተዋኙ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ኩባንያዎች ከነጭራሹ ሙሉ በሙሉ ከፖሊዩረቴን የተሠራ አመጡ። ያ ልብስ ዋናተኛውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ዋና የምታውቁ ይገባችኋል፤ ውድድሩ መጨረሻ ላይ ድካም ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰምጠው ዳሌ ነው። ዳሌን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ስንት ዓመት ሆድና ወገብ እናሠራለን! ያን ሥራ ልብሱ ሠራው።

ሮም ላይ፣ በ2009 የዓለም ሻምፒዮና፣ በአንድ ውድድር ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ200 ሜትር ፍሪስታይል በ1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ገብቶ አሜሪካዊውን ማይክል ፌልፕስን ቀደመው። ቢደርማን ጨዋ ሰው ነው፤ ልብሱ ልዩነት እንደሚያመጣ ራሱ ተናግሯል። የፌልፕስ አሰልጣኝ ቦብ ቦውማን ልብሶቹ ካልታገዱ ፌልፕስን ከዓለም አቀፍ ውድድር አስወጣለሁ እስከ ማለት ደረሰ። ያኔ እኛ ተራ አሰልጣኞች ደግሞ ወላጆች ፊት ነበር የምንቆመው። "ልጄ በልብስ ተበለጠ" ሲሉን የምንመልሰው አልነበረንም፤ እውነታቸውን ነበርና።

ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን እነዚያን ልብሶች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ አገደ። ለወንድ ልብሱ ከእምብርት በላይ፣ ከጉልበት በታች እንዳይሆን፤ ከተሸመነ ጨርቅም ውጪ እንዳይሠራ ተወሰነ። ዛሬ የምትለብሱት ጃመር፣ ያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ቁምጣ፣ ከዚህ ደንብ ጋር የሄደ ነው። ውሳኔው ዘገየ እንጂ ትክክል ነበር። "አሁንማ ክብረ ወሰን የሚባል አይሰበርም" ብለው ተስፋ የቆረጡ ነበሩ። ብራዚላዊው ሴሳር ሲየሎ ሮም ላይ በዚያ ልብስ ያስመዘገበውን የ100 ሜትር 46.91 ሰከንድ፣ በ2022 ሩማኒያዊው ዴቪድ ፖፖቪቺ በጃመር 46.86 ገብቶ ሰበረው። እዚያው ሮም፣ እዚያው ገንዳ ውስጥ። ዕድሜው 17 ነበር። እውነት ለመናገር ይህን ሳይ አለቀስኩ።

እና ልጆቼ፣ የውድድር ልብስ ለመግዛት ወላጆቻችሁን አታስጨንቁ። የታወቁት ከ300 ዶላር በላይ ይወጣባቸዋል፤ ጥቂት ውድድር ሲያዩ ደግሞ መጥበቅ ያቆማሉ። እኔ የኡበር ሹፌር የሆነ አባት ያን ገንዘብ ሲቆጥር ማየት አልፈልግም። እዚህ አገር ከ2020 ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች እነዚህ ልብሶች በአሜሪካ የዋና ማኅበር ውድድሮች የተከለከሉት በምክንያት ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ልጅ መዞሪያውን ቢያስተካክል ልብሱ ከሚሰጠው በላይ ያተርፋል። ለልምምድ ፖሊስተር ግዙ፤ ክሎሪን ላይክራ የሚባለውን ተለጣጭ ጨርቅ ቶሎ ነው የሚበላው። ስትወጡ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት።

እፍረቱን በተመለከተ፣ ጃመር ይቀለኛል የሚል ጃመር ይልበስ። ትንሹን የሚመርጥም ይልበስ፤ ለእግር ምት ነፃ ነው። በሃይማኖቱ ወይም በቤቱ ሥርዓት ምክንያት ገላውን መሸፈን የሚሻ ልጅም መጥቶ ያነጋግረኝ፤ መንገድ እንፈልጋለን። ዘመድ ለመጠየቅ ፈረንሳይ የሄዳችሁ ደግሞ አይታችሁታል፤ እዚያ የሕዝብ ገንዳዎች ውስጥ ሰፊ ቁምጣ ለንጽሕና ሲባል ይከለከላል፤ ጥብቁን ያልለበሰ አይገባም። አንዱ አገር የሚያሳፍረው ሌላው አገር ግዴታ ነው።

ሰውነታችሁን በሚመለከት ግን አንድ ነገር በቁጣ ነው የምናገረው። በ2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ ለኢትዮጵያ 100 ሜትር ሲዋኝ የብዙ አገር ጋዜጦች የጻፉት ስለ ሆዱ ነበር። የእኛም ሰው በየስልኩ ተቀባበለው። ስለ አመራረጡ መጠየቅ መብት ነው። በገላው መሳለቅ ግን ዋናን ገና ሊጀምር የነበረውን ስንቱን ልጅ ከገንዳው እንዳራቀው አስቡ። ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን ማውለቅ የሚፈራ ልጅ ሲመጣ ቶሎ አልጎተጉተውም።

ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ታላላቅ የሆናችሁ፣ አዲስ ልጅ የባሕር ዳር ሰፊ ቁምጣ ለብሶ ሲመጣ አትሳቁበት፤ እርስ በርስም አትተያዩ። ቁምጣው ውሃ እንደሚይዝበት ሁለት ዙር ሳይሄድ ራሱ ይደርስበታል። የጠበባችሁና ደህና የሆነ ጃመር ካላችሁ አጥባችሁ ለእኔ ስጡኝ። ከማን እንደመጣ ሳልናገር፣ ለብቻው ጠርቼ እሰጠዋለሁ።