«ከቀበሌ ነሽ እንዴ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ ሦስት ሆነን ስለ ወጣቶችና ስለ ቤት ችግር የ15 ደቂቃ ፖድካስት እያዘጋጀን ነው። የመረጥነው ያደግኩበትን ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን ነው። እስካሁን ሰባት ሰው አነጋግሬያለሁ። ሁሉም «ኑሮ ከብዷል፣ መንግሥት መፍትሔ ይስጠን» ብለው ያቆማሉ። እናቶች ስልኬን ሲያዩ «ከቀበሌ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል። ተከራዮች ደግሞ ጭራሽ አያናግሩኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ የሚናገሩት አጥተው አይደለም። «ስለ ወጣቶች የቤት ችግር ምን ይላሉ?» ብለሽ ስትጀምሪ ስብሰባ የተጠሩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የስብሰባ መልስ ይሰጡሻል።

እኔ ለሬዲዮ ስሠራ ብዙ በር የከፈተልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ትናንት ማታ ማን የት ተኛ?» አንዲት እናት ይህን ስጠይቃቸው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሴቷ ልጅ ከእሳቸው ጋር አልጋ ላይ። ሁለቱ ወንዶች መሬት፣ ፍራሽ ላይ፤ እሱም ወንበሮቹ ደጅ ካልወጡ አይዘረጋም። ትልቁ ቆጥ ላይ። መሰላሉን አሳዩኝ። «በደረቱ ነው የሚገባ፣ ቀና ማለት አይችልም» አሉኝ። ዕድሜው 29 ነው፣ ሥራ አለው፣ ቀለበት ካሰረ አራት ዓመቱ። ሚስቱን የት ያስገባት? ስለ ወጣት ቤት ማጣት አንድ ቃል ሳልጠይቅ ሁሉን ነገሩኝ።

«ከቀበሌ ነሽ እንዴ?» መባሉን እንደ ስድብ አትውሰጂው። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ቤቱ የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ከሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ ትርፍ ቤት የመንግሥት ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ስጋቱ ግን ትልቅ ነው። ስልክና ወረቀት ይዞ «ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ?» የሚል ሰው ሲመጣ ልነሳ ነው ወይ ብሎ ይደነግጣል። አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽ። መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ። ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ ትተሽ ቡና ጠጪ። ቅጂው በሌላ ቀን ይደርሳል።

ተከራዮች ላይ ግን ተጠንቀቂ። ይህን የምልሽ ሰው ጎድቼ ስለማውቅ ነው። በሰርቪስ ቤት የምትኖር አንዲት ልጅ አነጋግሬ ስሟን ሳልጠራ አስተላለፍኩ። ከጀርባ የወፍጮ ድምፅ ነበረ። ሕይወት ይሰጠዋል ብዬ ተውኩት። አከራይዋ ሰሙት። ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ግቢ የእሳቸው ብቻ ነበር። ወር ሳይሞላ ልቀቂ ተባለች። ዕቃዋን አብሬ ተሸከምኩ፤ አንድ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ ሁለት ፌስታል ልብስ። እሷ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ወፍጮ ስሰማ ትዝ ትለኛለች።

ስለዚህ ተከራይን በግቢው ውስጥ አትቅጂ። ወደ ታክሲ ተራው አብራችሁ እየሄዳችሁ አውሪያት። የኪራዩን ትክክለኛ ብርም አትጥሪ፤ አከራይ በብሩ መጠን ይለያታል። ይልቅ ውሏ በጽሑፍ ነው በቃል? ስትገባ የስንት ወር ቅድሚያ ተጠየቀች? ደላላው ስንት ወሰደ? የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁን ለብቻው ካነበባችሁት አድማጭ ይተኛባችኋል። ከእሷ መልስ አጠገብ ስታስቀምጡት ግን ሰው ጆሮውን ይሰጣል። አከራይዋንም አትዝለያት። በሁለት ሰርቪስ ኪራይ የምትተዳደር ጡረተኛ ሴት የራሷ ጭንቀት አላት።

የኮንዶሚኒየም ነገር ሲነሳ የባንክ ደብተሩን አሳዩኝ በይ። በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 (የፊተኛው ቁጥር ገዢው የሚቆጥበው፣ የኋለኛው ባንክ የሚያበድረው መቶኛ ነው) የተመዘገበ ሰው ሰፈርሽ ውስጥ አይጠፋም። ደብተሩን እየገለጠ ያንብብልሽ። ይሄን ወር አስገባሁ፣ እዚህ ጋ አቋረጥኩ፣ እዚህ ጋ ልጅ ታመመብኝ ይልሻል። አንቺ ያኔ አንደኛ ክፍል ብትሆኚ ነው፤ በዚያ መዝገብ ስምሽ የለም። ያኔ 25 ዓመቱ የነበረው ደግሞ ዕጣ ሲጠብቅ ወጣትነቱ አልፏል። የእናንተ ፖድካስት ስለ ወጣቶች ከሆነ እሱም ይገባል። እንዲያውም ከሁሉም በላይ እሱን መስማት እፈልጋለሁ።

ሰባቱን ሰዎች እንደገና ሂጂባቸው። ሥራው ሲያልቅ ከመምህራችሁ በፊት እነሱ ይስሙት፤ ቤት ለቤት እየዞርሽ አሰሚያቸው። «ይቺን አውጪልኝ» ያለችሽን ሳትከራከሪ አውጪላት።