ኑዛዜዎ ላይ የሚጽፉት «ኦርኬስትራ» በሕግ ፊት ማን ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ለብዙ ዓመት ትራምፔት የተጫወትኩ ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሁለት ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፤ ለሙዚቃም ግድ የላቸውም። ቤቴን፣ ፒያኖዬንና ባንክ ያለችኝን ገንዘብ ለኦርኬስትራችን መናዘዝ እፈልጋለሁ። በእጄ ጽፌና ፈርሜ ሳጥኔ ውስጥ ባስቀምጠው ይበቃል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎ የሚያስመሰግን ነው። የጠየቁኝን ቶሎ ልመልስልዎና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ።

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሕጋችን ይጸናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራስዎ ይጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ሳጥኑ ግን አያዋጣም። እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። እኔ የምመክርዎ በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበበውንና እነሱም እርስዎም ወዲያው የምትፈርሙበትን ኑዛዜ ነው። መነበቡም ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። ውልና ማስረጃ ቢያደርጉት ደግሞ የበለጠ እንቅልፍ ይሰጣል። የኦርኬስትራውን ኃላፊ ምስክር አያድርጉት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ። ስለ ባለቤትዎ የጻፉልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ቤቱ መቼና በማን ገንዘብ እንደተሠራ፣ እሳቸው ሲያርፉ ውርሱ ተጣርቶ እንደሆነ ምንም አላሉም። እኔ የምጠረጥረው ቤቱን አብራችሁ እንዳፈራችሁት ነው። እንዲህ ከሆነ «ቤቴ» ካሉት ቤት ግማሹ የእርስዎ አይደለም።

«ካርታው በስሜ ነው» ይሉኝ ይሆናል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ባልና ሚስት ደግሞ ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ባለቤትዎ ኑዛዜ ካልተዉ ድርሻቸው የልጆቻቸው ነው። እርስዎ ሊናዘዙ የሚችሉት የራስዎን ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት የጋብቻ ማስረጃውን፣ ካርታውን፣ የባለቤትዎን የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማረጋገጫ ካለ እሱንም ያሰባስቡ።

ልጆቹንም በተመለከተ ትንሽ ልቆጣዎት። ልጅ ሙዚቃ ስላልወደደ ከውርስ አይነቀልም። ልጅን ለመንቀል ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑንም ፍርድ ቤት ይመዝናል። ዝም ብለው «ሁሉን ለኦርኬስትራው» ቢሉም ልጆችዎ እንደተነቀሉ አይቆጠርም። ከኦርኬስትራው ጎን ሆነው ይካፈላሉ። ደውለው ቢነግሯቸው ይሻላል። ሳይሰሙ የቆዩት ነገር ነው ኋላ ችሎት የሚያቆመው።

ቢሮዬ ደጋግሞ የሚመጣው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሰው «ለባንዱ»፣ «ለመዘምራኑ»፣ «ለኦርኬስትራችን» ብሎ ይናዘዛል። ለእርስዎ ኦርኬስትራው ግልጽ ነው፤ ከመሪው እስከ ከበሮ መቺው በስም ያውቋቸዋል። የውርስ አጣሪው ግን አንድ ጥያቄ አለው፦ ቤቱን በማን ስም ላዙር? ንብረት የሚወርሰው ሰው ወይም ሕግ ሰውነት የሰጠው ድርጅት ነው። የቴአትር ቤት ኦርኬስትራ አብዛኛውን ጊዜ የቴአትር ቤቱ አንድ የሥራ ክፍል ነው። በራሱ ስም አይከስም፣ አይከሰስም፣ ካርታ አያወጣም። ኑዛዜዎን መቃወም የሚፈልግ ወራሽ ካለ መጀመሪያ የሚመዘው ይህንን ነው።

ስለዚህ ጠይቀው ይወቁ። የመንግሥት ተቋም ክፍል ከሆነ የስጦታው ተቀባይ ተቋሙ ይሁን፤ ስጦታው ለኦርኬስትራው ብቻ እንዲውል ደግሞ ግዴታ አድርገው ይጻፉበት። ራሱን ችሎ በማኅበርነት የተመዘገበ ከሆነ ሙሉ ስሙንና የምዝገባ ቁጥሩን ከምስክር ወረቀቱ ላይ ይገልብጡ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። ቤትዎ የኩባንያው ሀብት ይሆናል፤ ኩባንያው ሲፈርስ ዕዳው ተከፍሎ የተረፈውን ባለ ድርሻዎቹ ይካፈሉታል። ጓደኛሞች ተሰባስበው የሚጫወቱ ከሆነና ምንም ምዝገባ ከሌላቸው ስጦታዎን የሚረከብ የለም።

ተቀባዩ ዛሬ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። ኑዛዜ የሚሠራው እርስዎ ሲያርፉ ነው። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ በአውሮፓውያን 1963 የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርና ማሲንቆን፣ ዋሽንትና በገናን በአንድ መድረክ ያሰባሰበ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ተበተነ። በዚያ ጊዜ ስሙን ብቻ ጽፎ የተናዘዘለት ሰው ቢኖርና ከመበተኑ በኋላ ቢያርፍ፣ ስጦታው ባለቤት አልባ ሆኖ ወደ ወራሾቹ ይመለስ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ግን ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተብሎ ቀጠለ። ስም ሲቀየር ተቋሙ ያው መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይቻላል። ሲበተን ግን የሚያድንዎ ተተኪ መሰየም ነው፦ «ይህ ድርጅት በዚያን ጊዜ ከሌለ ወይም ስጦታውን ካልተቀበለ፣ ለእገሌ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሁን» ብለው ይጻፉ።

ዓላማውንም አያጥብቡት። «ለትራምፔት መግዣ» ካሉ ትራምፔት ሞልቶ ቫዮሊን ሲጠፋ ገንዘቡ ይታሰራል። «ለመሣሪያ መግዣና ጥገና፣ ለወጣት ተጫዋቾች ሥልጠና» ይበሉ። ቤቱ ይሸጥ ወይስ ይከራይ የሚለውን ይወስኑ። ፒያኖው ማስቀመጫ ስለሚፈልግ ተቋሙ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ያስመልሱ። ንብረቱ ለዘለቄታው ሙዚቃ እያገለገለ እንዲቆይ ከፈለጉ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት የሚባል መንገድ ከፍቷል። ለአንዲት ቤት ይህ ወጪው ይበዛ ይሆናል። በዚህ ላይ ሰነዶችዎን ሳላይ ሐሳብ አልሰጥም።

ይህ መልስ በአንድ ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነውና ኑዛዜዎን ከእሱ ላይ አይገልብጡ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ወረቀቶችና የተቋሙን መልስ ይዘው አንድ ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያ ድረስ ምንም ነገር ላይ አይፈርሙ።