መርዙን ኮፈኑ ውስጥ እንዳታደርጊው

እህቴ፣ ባለቤትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከሄደ ወዲህ ቪትዟ ግቢ ውስጥ እንደቆመች፣ አይጥ ሁለት ጊዜ ገመድ እንደቆረጠባት ነግረሽናል። «የአይጥ መርዝ ኮፈኑ ውስጥ ላድርግ ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እባክሽ እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌው አይቼዋለሁ።

ያኔ ገርጂ ተከራይቼ ነበር። ኮሮላዬ አንድ ወር ቆማ ሳስነሳት ትንቀጠቀጣለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም በራ። ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ተቀየረ፣ ኮይል ተቀየረ፣ እሷ ያው ናት። በመጨረሻ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጎንበስ ብሎ ሲበረብር ነዳጅ ወደሚረጨው ኢንጀክተር የሚሄደው ገመድ ተግጦ መዳቡ ፈጦ አገኘው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ደህናው ካንዴላ በከንቱ ተጣለ። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ስናነሳ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር የተነጨ ስፖንጅ፣ የሽምብራ ቆሎና የዶሮ አጥንት ተከምሯል። ጎጆ ወጥታበታለች!

ተናድጄ መርዝ ገዛሁ። የገዛሁት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ነበር። እሱ ወዲያው አይገድልም፣ ቀናት ይፈጃል። አይጧ እስክትሞት የፈለገችው ቦታ ትገባለች። የእኔዋ ዳሽቦርድ ሥር ገብታ ሞተች። ሽታው አላስቀምጥ ብሎኝ ዳሽቦርዱ ተፈታ። መርዝ የበላችውን አይጥ ድመት ወይም ውሻ ቢበላት ደግሞ እነሱም ይጎዳሉ። ናፍታሌንም ሞክሬያለሁ፤ ሽታው በኤሲው እየገባ ራሴን አዞረኝ። በርበሬ በጥብጬ ገመዱን ቀባሁት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደርቆ ረገፈ።

ለውጥ ያየሁት ከመኪናው ዞር ብዬ ግቢውን ሳይ ነው። የውሻው ሳፋ ከጎማው አራት እርምጃ ላይ ምግብ እንደያዘ ያድር ነበር። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ እህል በኬሻ ተቀምጧል። መኪናዋ የቆመችው ደግሞ የጣውላ ክምር አጠገብ ነው። አይጧ እራቷን እዚያው በልታ፣ ጣውላው ውስጥ ውላ፣ ሞተሩ ውስጥ ታድራለች። ሳፋው ማታ ማታ መነሳት ጀመረ። እህሉ ክዳን ባለው በርሜል ተገለበጠ። መኪናዋንም ወደ ሜዳው አወጣኋት።

ከዚያ ማጽዳት ነው። አይጥ የሽንቷን ሽታ ተከትላ ስለምትመለስ ይሄን አትዝለይው። ጓንትና ማስክ አድርጊ። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስፈቺ። ደረቁን አትጥረጊ፤ ሽንቷና ፋንድያዋ በሽታ ያስተላልፋል። 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠሽ አርጥቢውና በጨርቅ አንሺው። የገመድ መጋጠሚያዎች ላይ ግን አይፍሰስ።

የአየር መሳቢያውን አፍ በጠንካራ የሽቦ ወንፊት አስለብሺው። ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ ትንሿ አይጥ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ትሾልካለች። ወንፊቱ ቺንጋና የባትሪ ጫፍ እንዳይነካ ባለሙያው ያስተካክለው። ማታ ኮፈኑን ከፍተሽ ብታሳድሪውም ይረዳል። አይጥ የምትወደው ጨለማና ድብቅ ቦታ ነው። መኪናዋን በየሁለትና ሦስት ቀኑ አስነሺያት፣ ከዚያ በፊት ግን ኮፈኑን ከፍተሽ እዪ። የተላጠ ገመድ ሾርት ካደረገ እሳት ያስነሳል።

ወጥመድ ከመኪናው ውጭ፣ ግድግዳ ጥግ ይሁን። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ስለሚፈራ መጀመሪያ ሳታጠምጂው ምግብ ብቻ አድርጊበት። ሁለት ሦስት ቀን መጥቶ ሲበላ ያኔ አጥምጂው። የቱ ጥግ እንደሚሻል ለማወቅ ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ የግቢውን መብራት አጥፍተሽ በረንዳ ላይ ትንሽ ቁጭ በይ። ከየት እንደሚወጡ ራስሽ ታያለሽ።