ውሃው በየት ይወጣል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ደወለልኝ። ለማስተርስ ወደ ህንድ ሊሄድ ነው። እኔም እዚያ መማሬን ከአባቱ ሰምቶ ኖሯል። «ጋሼ፣ ህንድ ሳሉ ሳላደርገው ቀረሁ ብለው የሚቆጩበት ነገር አለ?» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር «በርበሬያቸውን ቻለው እንጂ ሌላው ቀላል ነው» ብዬ ቀልጄ ዘጋሁት።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሚቆጨኝ ነገር አለና። የጡጫ ልክ የምታህል አንዲት የግንብ ቀዳዳ ናት።

ነሐሴ 1980 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ አብሮኝ የሚማር ልጅ ኡዳይፑር ወዳለው ቤታቸው ወሰደኝ። እናቱ ከእኛ አገር እናቶች በምንም አይለዩም። ብላ ብለው አይጠግቡም። አንድ ማታ ስለ ፓና ዳይ አወሩልኝ። ሞግዚት ናት። የምታሳድገውን ሕፃን ልዑል ሊገድሉ ሲመጡ የገዛ ልጇን በአልጋው ላይ አስተኝታ ልዑሉን አሸሸችው። እናትዮዋ ይህን ሲያወሩ የትናንት ሐዘን ይመስል እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። ሆኖም ነገሩ ወደ 450 ዓመት ያለፈው ነበር። ያ ሕፃን ኡዳይ ሲንግ ነው፤ ኡዳይፑርን የቆረቆረው። የተደበቀውም ኩምባልጋር በሚባል ተራራ ላይ ባለ ምሽግ ውስጥ ነበር። «ነገ እንሂድ» አለ ጓደኛዬ።

ከኡዳይፑር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአውቶብስ ኬልዋራ ከምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን፤ ከዚያ በጂፕ። ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ነው፤ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። መንገዱ በአራቫሊ ተራሮች መሃል ይጠማዘዛል። ምሽጉ ግን የለም። ከአሁን አሁን ብቅ ይላል ስል፣ አንዱን እጥፋት ስንዞር ድንገት ግንቡ ከላያችን ተደቀነ። ጠላትም እንዲሁ ድንገት እንዲያገኘው ታስቦ የተመረጠ ቦታ ነው።

የሠራው ራና ኩምባ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1433 እስከ 1468 ሜዋር የሚባለውን የዚያን አካባቢ መንግሥት የገዛ፣ ራጅፑት ከሚባሉት ጦረኞች ወገን የሆነ ንጉሥ። ሜዋር ካሏት 84 ምሽጎች 32ቱን ያሠራ እሱ ነው ይባላል። «ጋር» የሚሉት እኛ አምባ የምንለውን ነው። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ለደብረ ብርሃን ሰው ቆላ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ሜዳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲያዩት ያስፈራል። ግንቡ የተራራውን ጀርባ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሸለቆ ያቋርጣል። ዙሪያው 36 ኪሎ ሜትር ነው። የሐረር ጀጎል 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡና በአሥር አባዙት። አንዳንድ ቦታ ላይ ስምንት ፈረስ ጎን ለጎን ያስኬዳል ይላሉ።

ኩምባ ማለት በሳንስክሪት እንስራ ነው። የግንቡ ማማዎችም ሆዳቸው የተነፋ እንስራ ይመስላሉ። ከላይ ቀጥ ብለው ይወርዱና ከታች ይሰፋሉ። መሰላል አስደግፎ ለመውጣት የማይመች ነገር ነው። በሮቹም በደንብ የታሰበባቸው ናቸው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ በር አይገባም፤ በር ፊት ሲደርስ ይታጠፋል። ዝሆን ተንደርድሮ በግንባሩ በሩን እንዳይመታ ነው። በራጅፑት ምሽጎች የእንጨቱ መዝጊያ ላይ በዝሆን ግንባር ቁመት ሹል ብረት ይተክላሉ። (ዝሆን ካነሣሁ አይቀር፣ መቅደላን የወጋው የናፒየር ጦር ከቦምቤይ ሲነሣ 44 ዝሆኖች ይዞ ነበር። ለመድፍ መጫኛ እንጂ በር ለመስበር አልነበረም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።)

ራም ፖል ከሚባለው ትልቁ በር ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ሮጠን ከበሩ ሥር ተጠለልን። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቀድመውን ተጠልለዋል። ቀይ ጥምጥም አድርገዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው በኖራ ነጭ ሆኗል። የፈረሰ ግንብ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ናቸው። ጓደኛዬ እየተረጎመ ማውራት ጀመርን። ኖራው ውስጥ ምን እንደሚጨምሩ ጠየቅኋቸው። ጉር የሚሉት ጥቁር የሸንኮራ ስኳር አለ፤ እሱን። ደግሞ አብሽ! የእናቴ የአብሽ ማሰሮ ትዝ አለኝና ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «አገርህ ግንብ የለም?» አሉኝ። ጎንደርን በኩራት ነገርኳቸው። «ኖራውን በምን አሹት?» ዝም አልኩ። ፋሲል ግቢን ሁለት ጊዜ ጎብኝቻለሁ። በሁለቱም ጊዜ ፎቶ ተነሥቻለሁ።

ጓደኛዬ ዝምታውን ለመስበር የግንቡን ተረት አመጣ። ራና ኩምባ ሲያሠራ ቀን የተገነባው ሌሊት ይፈርስ ነበር አሉ። አንድ ባሕታዊ መጥቶ ሰው በፈቃዱ ራሱን ካልሰጠ አይቆምም አለ። ሌላ ሰው ሲጠፋ ባሕታዊው ራሱን ሰጠ። አንገቱ የወደቀበት ቦታ ላይ በርና ቤተ መቅደስ ተሠራ፣ ግንቡም ቆመ። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው ወደ ቤተ መቅደሱ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የተማርክ ነህ አሉ። ይሄ ተራራ ይህን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ ከግንቡ ጀርባ ሲቆም፣ ውሃው በየት ይወጣል?» አሉኝ።

እኔም ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሊቅ ነበርኩ። ስለ አፈር ግፊት፣ ስለ ቀመሩ አብራራሁ። ጓደኛዬ ግማሹን መተርጎም አቅቶት ተወው። ሽማግሌው እጄን ይዘው አወጡኝ። ከግንቡ ሥር፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ቀዳዳ አለች። ከውስጧ ውሃ ይወርዳል። ጣታቸውን ሰደው ውሃውን በመዳፋቸው ያዙና አሳዩኝ። ጠብታ ጭቃ የለውም። ኩልል ያለ የምንጭ ውሃ ነው። ያ ሁሉ አፈር አልፎ የመጣ!

«ና፣ ከጀርባዋ ድንጋዩ እንዴት እንደተደረደረ ላሳይህ፤ እዚያ ጋ ከፍተነዋል» አሉኝ።

ጂፑ ጥሩምባ ነፋ። የመጨረሻው አውቶብስ ሊያመልጠን ነው። ደመና ቤተ መንግሥት የሚሉትን ከላይ ያለውንም ገና አላየንም፤ ስሙ ራሱ አጓጉቶኛል። ሽማግሌውን አመስግኜ አንድ ፎቶ አነሣኋቸውና ወደ ላይ ሮጥኩ። ቤተ መንግሥቱ እንደ ስሙ ደመና ውስጥ ነበር፤ ከአሥር ሜትር በላይ አይታይም። ለአውቶብሱም በሰዓቱ ደረስን። መጥቶ የቆመው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እዚህ አገር ተዳፋት ቦታ ላይ አንድ የድጋፍ ግንብ ሠራሁ። የቦታውንም የባለቤቱንም ስም ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በፕላኑ ላይ ዊፕ ሆል የሚባለውን የውሃ ማስወጫ ቧንቧ በየሁለት ሜትሩ አስገብቻለሁ። ፎርማኑ በቱምቢና በውሃ ልክ እየለካ አሳምሮ ገነባው። ከጀርባው የሚሞላውን፣ ውሃ የሚያሳልፈውን ገረጋንቲ ግን ወጪ ለመቆጠብ ብዬ አስቀረሁ፤ እዚያው በተቆፈረው ውሃ በማያሳልፍ ዋልካ አፈር ይሞላ አልኩ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ተደረመሰ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሥር ያሉ አንዲት እናት ግን ላማቸው ከነበረችበት በረት ጋር ተቀበረች። የምትታለብላቸው እሷ ብቻ ነበረች።

ጠዋት ዝናብ ላይ ቆሜ ቧንቧዎቹን አየኋቸው። ደረቅ ናቸው። ያን ሁሉ ዝናብ ዘንቦ፣ ደረቅ! ዋልካው አፋቸውን ደፍኗል። ቀዳዳ ሠርቻለሁ፤ ከቀዳዳው ጀርባ ምን መኖር እንዳለበት ግን ሽማግሌው ሊያሳዩኝ ሲሉ ለአውቶብስ ቸኩዬ ነበር። መጽሐፍ ላይማ አለ። ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። የዚያን ኩልል ያለ ውሃ ምክንያት በዓይኔ ባየው ኖሮ ግን ገረጋንቲውን የምሰርዝ አይመስለኝም።

እናንተ የዘንድሮ መሐንዲሶች እኛን አንድ ሳምንት ይፈጅብን የነበረውን ስሌት በሰዓት ትጨርሱታላችሁ። የእህቴ ልጅ ሲሠራ ተቀምጬ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ እቀናለሁም። ኮምፒውተር ላይ የምታወጡት ሕንፃ ሲያብረቀርቅ ደግሞ «ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ የት ይሄዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ያ የደወለልኝ ልጅም ትናንት ኩምባልጋርን ስነግረው «ጋሼ፣ በድሮን የተቀረጸውን ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ» ነው ያለኝ። ድሮን ከጉልበት በታች ያለ ቀዳዳ አያሳይም። ፎቶ ማንሳት እዚያ ያለውን ሰው እንዳታዩ ያደርጋል ብዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ደግሞ ውሸቴን ነው፤ ያን ቀን ያቺን አንድ ፎቶ ባላነሣ የሽማግሌው መልክ ይጠፋብኝ ነበር።

ምሽጉን እ.ኤ.አ. በ1578 የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአክበር ጦር አዛዥ ሻህባዝ ካን ያዘው። አወዳደቁ ላይ ብዙ ይወራል፤ አንዱ ወሬ የመጠጥ ውሃው ተበላሽቶባቸው ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቺቶርና ከሌሎች አራት የራጃስታን ምሽጎች ጋር ዩኔስኮ መዝግቦታል። እንግዲህ ጎብኚ አይጠፋውም።

ትናንት ለልጁ መልሼ ደወልኩ። በርበሬውን ተወውና ኩምባልጋር ሂድልኝ አልኩት። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እያለ። ራም ፖል ጋ ስትደርስ በግራ በኩል ግንቡን ይዘህ ውረድ፣ ወይም በቀኝ ይሆናል፤ ከጉልበት ዝቅ ያለ ቀዳዳ ፈልግ። የሚጠግኑ ግንበኞች ካሉ ከጀርባው ምን እንዳለ ጠይቅና ሣልልኝ። ሜትር ያዝ፤ የብረቱን። «ስልኬ ይለካል እኮ» አለኝ። የብረቱን ያዝ አልኩት።