የድጋፍ ሥራውን ተቀበዪ

ውድ ጠያቂያችን፣

በሶፍትዌር ምህንድስና ለመመረቅ ጥቂት ወራት እንደቀሩሽና ተጠቃሚው እየለመደ በሄደ ቁጥር አብረውት የሚያድጉ፣ እንደ ፍላጎቱም የሚያስተካክላቸው የዴስክቶፕ ገጽታዎችን (ሰው በኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የሚሠራባቸውን መስኮቶችና ሜኑዎች) መንደፍ እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት በተጠቃሚዎች ድጋፍ ክፍል ሊቀጥርሽ ፈቅዷል፤ የትምህርት ወጪሽን የሸፈነው ወንድምሽ ግን «ዲግሪ ይዘሽ ስልክ ልታነሺ ነው?» እያለ የዲዛይነርነት ቦታ እስኪገኝ እንድትጠብቂ ይወተውትሻል።

እኔ ሥራውን ተቀበዪ እላለሁ። ዲዛይነሮች ንድፋቸውን ብዙውን ጊዜ የሚፈትኑት ጥቂት ሰዎችን ጠርተው ለአንድ ሰዓት ያህል እያሠሩ በመመልከት ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚታየው ጀማሪው ነው፤ ያው ሰው ከስድስት ወር በኋላ የትኛውን አቋራጭ ቁልፍ ጣቱ እንደለመደው፣ የትኛውን ሜኑ ጨርሶ እንደተወው፣ የቱ ጋ ተሰላችቶ እንደቀረ የሚነግራቸው የለም። ድጋፍ ክፍል የተቀመጠ ሰው ግን ይህን ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት «ደረሰኝ የምመዘግበው የት ነው?» ብላ የደወለች የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከወራት በኋላ «ለአንድ ደረሰኝ አራት መስኮት መክፈት ሰልችቶኛል፤ ማሳጠሪያ የለውም?» ብላ ትመለሳለች። አንቺ ልትነድፊ የምትመኚው ነገር ያለው በእነዚህ ሁለት ጥሪዎች መካከል ነው። እኔም ወደ ንድፍ ሥራ የገባሁት በዚሁ በር ስለሆነ ለዚህ መንገድ ማዳላቴን ግምት ውስጥ አስገቢ።

የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን በተመለከተ፣ የተጠቃሚውን ችሎታ በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ በሚማርበት ዘዴ) ገምቶ ገጽታውን በራሱ የሚለዋውጥ ሥርዓት ለመሥራት ያወጣሽውን ዕቅድ ብትተዪው እመርጣለሁ። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2000 እምብዛም የማይነኩ ትእዛዞችን እየደበቀ በአጠቃቀም ልክ የሚለዋወጥ ሜኑ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢመስልም ትናንት ያየውን ትእዛዝ ዛሬ በቦታው ያጣ ሰው እንደ አዲስ ፍለጋ ይገባል፤ ይህም እጁ ቦታውን ለለመደው ባለሙያ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሊያ ፊንድሌተርና ጆአና ማክግሬነር የተባሉ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጥናት፣ በራሱ ከሚለዋወጠው ሜኑ ይልቅ ቋሚው ፈጣን ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የወደዱት ግን ራሳቸው የሚያስተካክሉትን ነበር።

ከዚህ ይልቅ ማያ በተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን ሜኑ በጥሞና ተመልከቺ። ጀማሪው ማውሱን ተጭኖ ሲቆይ ምርጫዎቹ በጠቋሚው ዙሪያ ይዘረጋሉ፤ እርሱም ወደሚፈልገው አቅጣጫ ስቦ ይለቃል። ባለሙያው ደግሞ ሜኑው እስኪታይ ሳይጠብቅ በዚያው አቅጣጫ ፈጥኖ ይስባል። የሁለቱም የእጅ እንቅስቃሴ አንድ ስለሆነ ጀማሪው በሠራ ቁጥር የባለሙያውን መንገድ እየተለማመደ ነው፤ ስለ ችሎታው የሚገምት ማሽን ግን በመሃል አልገባም። ይህን መርሕ በአንድ መስኮት ላይ ብቻ ተግብረሽ ጥቂት ሰዎች ለሳምንታት ሲጠቀሙበት ብትከታተዪ፣ ካማሩ ሃያ ስክሪኖች የበለጠ ፖርትፎሊዮ (ለቀጣሪ የምታሳዪው የሥራ ስብስብ) ይኖርሻል።

ወንድምሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ወጪሽን መሸፈኑ ምስጋና ይገባዋል፤ ሆኖም የሚያሳስበው ጎረቤት የሚሰማው የሥራ መጠሪያ እንጂ የምትማሪው ነገር አይመስለኝም። ያለ ሥራ ቤት መቀመጥ ደግሞ ዲግሪሽን አያስከብረውም፤ የምትጠብቂባቸውን ወራት ወጪ ማን እንደሚሸፍን ጠይቂው።

«ዴስክቶፕ ሞቷል» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ፣ የሂሳብ ሠራተኞች፣ የፊልም አርታኢዎችና መሐንዲሶች ቀኑን ሙሉ በምን ላይ እንደሚሠሩ ማሳየት ይበቃል። ያነሳሽውን ሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ የምትመራመሪበት የራስሽ ጥያቄ እስኪኖርሽ አቆዪው።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የቆዩ የደንበኞች ጥያቄዎችን መዝገብ ማየት ይፈቀድልሽ እንደሆነና ሶፍትዌሩን ከሚነድፉት ሰዎች ጋር በየጊዜው የምትነጋገሪበት ዕድል መኖሩን። ለሁለቱም መልሳቸው አይሆንም ከሆነ የምትሰሚው ሁሉ ከስልኩ አልፎ የትም አይደርስምና፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ ፈልጊ።