ቅቅሉ፣ አቼቶውና ወጌሻው፦ ስለ አጥንት ለጠየቃችሁኝ

«እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹የአጥንት ቅቅል ጠጪ፣ ያለቀውን ልም አጥንት ይመልሳል› ይላታል። እውነት ነው?» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

እህቴ፣ መረቁ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ ይረጋ የለ? እሱ ጄላቲን ነው፤ እሳት የፈታው ኮላጅን። ኮላጅን ደግሞ የአጥንትም፣ በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው የለስላሳው ልም አጥንትም ዋና ፕሮቲን ነው። ጎረቤቶቻችሁ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ግን ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጫል እንጂ ጉልበት ላይ ሄዶ አይለጠፍም።

በልም አጥንት ውስጥ የኮላጅን ክሮች መረብ ይሠራሉ። በመረቡ መሃል አግሪካን የሚባል ፕሮቲን ውሃ ስቦ ይይዛል። ስንቆም ውሃው ይጨመቃል፣ ስናርፍ ይመለሳል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በዚህ ውሃ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። አንዴ ካለቀ በቀላሉ የማይተካውም፣ ቁጭ ብሎ መዋል የማይበጀውም ለዚህ ነው። እናትሽ ቅቅሉን ከወደዱት ይጠጡ። ግን ጠዋት፣ የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ቀስ እያሉ ይራመዱ። ለኮላጅን ዱቄት የምታወጪው ብር ካለ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ወርደሽ ዘይቱንና ብርቱካን ግዢበት። ሰውነት ኮላጅኑን በደንብ የሚሠራው ቫይታሚን ሲ ሲያገኝ ነው።

«የዶሮ አጥንት አቼቶ ውስጥ ከርሞ ይታጠፋል ይባላል። ለምን?» (ተማሪ፣ ከሐረር)

ሞክረው፤ ጥቂት ቀን ይበቃል። አቼቶው ካልሲየሙን ያሟሟውና ኮላጅኑ ብቻ ይቀራል። አጥንቱን እሳት ውስጥ ብትከተው ደግሞ ኮላጅኑ ይቃጠልና ስትነካው ይፈረፈራል። ካልሲየሙ ኮንክሪት ነው፣ ኮላጅኑ ፌሮ። ከአጥንት ፕሮቲን 90 በመቶ ገደማው ኮላጅን ነው።

«ልጄ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ አሰረለት። መቼ ይድናል?» (ከመልካ ጀብዱ)

ወንድሜ፣ ስብራቱ ላይ ሰውነት መጀመሪያ ለስላሳ ልም አጥንት ያበቅላል። ቀስ በቀስ ያ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። በልጅ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። እኔን ያሳሰበኝ ማሰሪያው ነው። ጣቶቹን አሁን ይንኩለት። ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ደም እየደረሳቸው አይደለም። ማሰሪያውን ወዲያው ፈትተው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ሌሊትም ቢሆን። እጁ ሊቆረጥ ይችላል። ጣቶቹ ደህና ቢሆኑም ራጅ ያስነሱት፤ አጥንቱ ተጣሞ ከገጠመ ማቃናቱ ከባድ ነው።