ስትረስ አእምሮን ያስረጃል ወይስ ይጠብቃል? (ለእህታችን ጥያቄ መልስ)

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ «ስትረስ አእምሮን ይጎዳል ይሉናል፣ ዞር ብለው ደሞ በቀዝቃዛ ሻወር ታጠቡ፣ ጹሙ፣ ሳውና ግቡ ይላሉ፣ የቱን ልመን? አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ መርሳት አብዝተዋል» ነው ያልሽው። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው ምሰራው፣ ወደኔ የሚመጡት አብዛኞቹ በእድሜ የገፉ ናቸው፣ ስለዚ ከስራዬ ልንገርሽ።

ልዩነቱ መጠኑና የሚያበቃበት ሰዓት ላይ ነው። ትንሹ ሲጠቅም ብዙው ሲጎዳ ሆርሜሲስ ይሉታል፣ ስሙ በፈረንጆቹ 1943 ነው የወጣለት፣ ተመራማሪዎች ከዛፍ ያወጡት ፈንገስ ገዳይ ነገር በጣም ቀጥኖ ሲሰጠው ፈንገሱን ጭራሽ እንደሚያሳድገው አይተው ነው። ሰውነታችንም እንደዛ ነው፣ ሙቀት፣ ረሃብ፣ እንቅስቃሴ ሴሉን ትንሽ ሲያስጨንቀው ጥገና ይጀምራል፣ የተጣመመ ፕሮቲን የሚያቃኑት ሂት ሾክ ፕሮቲን የሚባሉት ይበዛሉ፣ ያረጀውን የሴል ክፍል ፈታትቶ መልሶ የሚጠቀምበት ኦቶፋጂ ይጨምራል (ጃፓናዊው ኦሱሚ በ2016 ኖቤል የተሸለመበት ማለት ነው)፣ አእምሮ ውስጥ ደሞ ነርቮች እንዲያድጉና እንዲገናኙ የሚረዳው ቢዲኤንኤፍ ከፍ ይላል። እና ጥገናው የሚያልቀው ስታርፊ ነው እንጂ ስትጨነቂ አይደለም፣ ሰው ሁሌ የሚዘላት ነገር ይቺ ናት። እረፍት የሌለው ስትረስ፣ ማለትም የእንቅልፍ እጦት፣ ብቸኝነት፣ የማያልቅ ሃሳብ፣ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ከፍ አርጎ ያቆየዋል፣ ብሩስ ማክዩን የሚባል ሳይንቲስት አይጦች ላይ እንዳሳየው ደሞ ሂፖካምፐስ ላይ ያሉት የነርቭ ቅርንጫፎች ያጥራሉ፣ ሂፖካምፐስ ማለት ደሞ አዲስ ነገር የምንይዝበት የአእምሮ ክፍል ነው።

እሺ ለአባትሽ ምን ይሻላል ካልሽኝ እኔ ሁሌ ምጀምረው በእግር ጉዞ ነው። አይናቁት እንጂ የተጠና ነገር ነው፣ በ2011 የወጣ ጥናት ላይ 120 በእድሜ የገፉ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በሳምንት 3 ቀን እስከ 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ ሌሎቹን ሰውነት ማፍታታት ብቻ እንዲሰሩ አደረጉ፣ ከዓመት በኋላ የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ 2 ፐርሰንት ገደማ ጨምሯል፣ የሌሎቹ ግን ቀንሷል። እነዚህ ሰዎች የመርሳት በሽታ የሌለባቸው ነበሩ፣ ስለዚ መድኃኒት ነው እያልኩሽ አይደለም።

መጠኑን እንዴት ታውቂያለሽ? እኔ ታካሚዎቼን ስፖርቱ ላይ እንዴት ነበር ብዬ አልጠይቅም፣ ምጠይቀው በነጋታው ጠዋት እንዴት ተነሱ ብዬ ነው። ደህና ተኝተው እንደ ወትሯቸው ከተነሱ መጠኑ ልክ ነው፣ ትንሽ መጨመርም ይቻላል፣ እግራቸው ከብዶ ውለው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ሰው ላይ ከተነጫነጩ ግን በዝቷል፣ ይቀነስ። እድሜ ሲገፋ ይሄ የመላመድ አቅም ራሱ እየጠበበ ነው የሚሄደው፣ ለ30 ዓመት ልጅ ትንሽ የሆነው ለ70 ዓመት ሰው ብዙ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በረዶ ውስጥ የሚዘፈቁትን ወጣቶች አይታችሁ አባታችሁ ላይ አትሞክሩት እባካችሁ! ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካ የልብ ምትና ግፊት ባንዴ ነው የሚወጣው፣ ልብ ወይ ግፊት ላለበት ሰው በቃ አይሆንም።

ሳውናው ከፊንላንድ ነው የመጣው፣ በ2017 በወጣ ጥናት ከ2 ሺህ በላይ ወንዶችን ለብዙ ዓመት ተከታትለው በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ የሚገቡት አንዴ ብቻ ከሚገቡት በ66 ፐርሰንት ያነሰ የመርሳት በሽታ ስጋት ታይቶባቸዋል። ቁጥሩ ያጓጓል ግን ክትትል ነው እንጂ ሙከራ አይደለም፣ ያልታመመና የሚንቀሳቀስ ሰው ነው ሳውና የሚያዘወትረው አይደል እንዴ?

ደሞ አንድ ነገር፣ ቤተሰብ በፍቅር ብዛት ቫይታሚን በከረጢት ይዞ ይመጣል። በ2009 ጀርመን ውስጥ ስፖርት ለሚሰሩ ወጣት ወንዶች 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ በየቀኑ ሲሰጧቸው ስፖርቱ የደም ስኳርን በሚያስተካክለው ኢንሱሊን አሰራር ላይ የሚያመጣው መሻሻል ጠፋ፣ ያልወሰዱት ግን ተሻሻሉ። ስፖርቱ ሴሉ ላይ የሚያመጣት ያቺ ትንሽ ጭንቀት ጥገና ጀምር የምትል መልዕክት ነበረች፣ ክኒኑ አፈናት። ሐኪም ያዘዘውን ግን እንዳታስቆሚ!

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መርሳቱን ሐኪም ይየው። የቢ12 እጥረት፣ ታይሮይድ፣ ድብርት፣ የመስማት ችግር፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒት ሁሉ መርሳት ያመጣሉ፣ ብዙዎቹ ደሞ የሚስተካከሉ ናቸው።

ጾሙን ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። የስኳር መድኃኒት ወይ ኢንሱሊን ይወስዳሉ? ክብደታቸውስ ቀንሷል? ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ከጾመ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ከሳ ያለ ሽማግሌ ደሞ ያለውን ጡንቻ ነው የሚያጣው። እሱን ጻፊልኝና እንቀጥላለን።